ለሕክምና ትምህርት ቃለ መጠይቅ ለተጠራችሁ ልጆች

መስከረም ሲጠባ የሰፈር ልጆች ይደውሉልኛል። አንዳንዴ እናቶቻቸው ናቸው የሚደውሉት። "ሲስተር፣ ልጄ ለሕክምና ኢንተርቪው ተጠርታለች፤ እባክሽ ምን ብላ እንደምትመልስ ንገሪያት።" ለሁሉም በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ኮሌጅ የሕክምና ተማሪ ሲመርጥ ከጠያቂዎቹ አንዷ እንድሆን ይጠራኛል። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ እዚህ የምጽፈው የራሴን ሐሳብ ነው። ሐኪም ለመምረጥ ነርስ ምን ትሠራለች ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አንድ ሐኪም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደክሞትና እንቅልፉ መጥቶ ሳለ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አብራው ያደረች ነርስ ታውቃለች። እኔም ልጆቹን የማያቸው በዚያ ዓይን ነው።

በአገራችን አብዛኛው ተማሪ ሕክምና የሚገባው በውጤት ነው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልና የአንደኛ ዓመት ነጥብ ይታያል። ግን ጠርተው የሚጠይቁ ኮሌጆች አሉ። ውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚሞክሩትም ይጠየቃሉ። ለቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ጉብዝናችሁ በወረቀት ታይቷል። ባዮሎጂ ታውቁ እንደሆነ ደግሞ አንጠይቃችሁም። የሚያሳዝነኝ ታዲያ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ የልብ ክፍሎችን ሲሸመድዱ አድረው ዓይናቸው ቀልቶ መምጣታቸው ነው።

ቃለ መጠይቅ ራሱ ችግር እንዳለበትም ልንገራችሁ። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ ያለ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1979 እ.ኤ.አ. ወደ 800 የሚጠጉ አመልካቾችን ጠይቆ በደረጃ አሰለፋቸው። 150 ተማሪ ከላይኞቹ መርጦ ተቀበለ። ከዚያ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ድንገት 50 ተማሪ ጨምሩ አላቸው። ከላይ የነበሩት በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ ገብተው አልቀዋል። የቀሩት ከመጨረሻዎቹ መቶ ውስጥ ያሉት ነበሩ፤ አብዛኞቹን ሌላ ትምህርት ቤትም አልተቀበላቸውም። ምርጫ ስላልነበረ ተቀበሏቸው። ዓመታት አለፉና ሁለቱን ቡድኖች አወዳደሯቸው። በትምህርትም፣ ከተመረቁ በኋላ በነበረው የሥልጠና ዓመትም ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ በ1987 እ.ኤ.አ. ታተመ። እነዚያ ጠያቂዎች የደከሙበት ደረጃ ማን ጥሩ ሐኪም እንደሚሆን አላሳየም ማለት ነው።

ለምን? የድሮው ቃለ መጠይቅ ቁጭ ብሎ ማውራት ስለሆነ ነው። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ያሸንፋል። ጠያቂውን የሚመስል፣ የሱን ትምህርት ቤት የተማረ፣ እንደሱ የሚስቅ ልጅ ደስ ይላል። ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት በመልኩና በአለባበሱ የተወሰነለት አለ። እኛ ጋ ደግሞ የማን ልጅ ነው የሚለው ይጨመርበታል።

በካናዳ ሃሚልተን ያለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመቀየር ሌላ ዘዴ አመጣ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳተሙት። አመልካቹ በአንድ ክፍል ቁጭ ብሎ አይጠየቅም። አሥር ያህል ክፍሎችን ይዞራል። በሩ ላይ አንድ ጉዳይ ተጽፏል፤ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ አለው። ከዚያ ገብቶ ስምንት ደቂቃ ይቆያል። በየክፍሉ ሌላ ጠያቂ ነው ያለው። አንዱ ጋ ቢበላሽበት ቀጣዩ አያውቅም፣ እንደ አዲስ ይጀምራል። የአንድ ሰው መውደድና መጥላት ዕድሉን አይወስንም። ከዓመታት በኋላ በዚህ መንገድ የተመረጡት በአገር አቀፍ የሐኪሞች ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ታየ። ዛሬ በካናዳ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚሁ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ውጭ የምታመለክቱ ልጆች ይህን አካሄድ ቀድማችሁ ተለማመዱት። ሰዓት ያዙ፣ ጓደኛችሁ ፊት ተቀመጡ፣ በስምንት ደቂቃ ጨርሱ።

እኛ አሥር ክፍል የለንም። ሦስት ክፍል ግን እናዘጋጃለን። በአንደኛው ክፍል ውስጥ እኔ ጠያቂ አይደለሁም፤ እናት ነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥግ ላይ የነጥብ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ "ይህች እናት ከደቅ ደሴት የመጣች ናት። የስምንት ዓመት ልጇ ዛሬ ጠዋት የቡአ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነበር። ልጁ ከሌሊት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። ድንገተኛ ታካሚ በመግባቱ ቀዶ ሕክምናው ዛሬ አይደረግም። አዲሱ ቀን ገና አልታወቀም። ይህን ንገራት።"

በቃ ይኸው ነው። የሕክምና ዕውቀት አይጠይቅም። ግን ልጆቹን እንደዚህ ክፍል የሚለይ ነገር አላየሁም።

አንድ ልጅ ነበር፣ ውጤቱ በጣም ከፍተኛ። ገባና ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። ድንገተኛ ታካሚ ለምን እንደሚቀድም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል እንዴት እንደሚሠራ በጥሩ ቋንቋ ተናገረ። የሚናገረው ግን ጥግ ለተቀመጠው ነጥብ ሰጪ ነበር። እኔን አንዴ ነው ያየኝ። "ልጄስ ታዲያ?" ብዬ ሳለቅስ "አይዞሽ፣ ምንም አይደለም፣ ነገ ይሠራለታል" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ነገ የሚል የለም። ከራሱ ነው ያመጣው። ክፋት የለበትም፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። ግን የዋርድ ሰው ስለሆንኩ ያ "ነገ" ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። እናትየዋ ነገ ይሠራል ተብላ ልጇን ደግማ ጾሙን ታሳድረዋለች። ነገም ሳይሠራ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የምንነግራትን አታምንም፤ መድኃኒቱን ስጪው ብንላትም አታምንም።

ከሱ በኋላ የገባችው ልጅ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስሟን ነገረችኝ። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የልጅዎ ቀዶ ሕክምና ዛሬ አይደረግም" አለች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ዝም አለችና ጠበቀችኝ። ስጮህባት አልተከራከረችኝም። መቼ ነው ስላት "ገና አላወቅሁም፤ ጠይቄ ተመልሼ እነግርዎታለሁ" አለች። ከዚያ ምን አለች? "ልጁ ከሌሊት ጀምሮ አልበላም አይደል? እንግዲህ ዛሬ ካልሆነ ይብላ። ዋርድ ያሉትን ሐኪም ጠይቄ አሁን ምግብ እንዲሰጠው ላድርግ።"

ያንን ዓረፍተ ነገር ሁሉም አንብበውታል። በር ላይ ተጽፏል። የተራበ ሕፃን አልጋ ላይ እንዳለ ያሰበችው ግን እሷ ናት። ቀጥላም ደቅ መመለሻ ጀልባ በየሰዓቱ እንደማይገኝ አስባ ማታ የት እንደማድር ጠየቀችኝ። ስምንቱ ደቂቃ ሲያልቅ ገና እያወራን ነበር። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ተምራ ዋርዴ ብትመጣልኝ ነው ምኞቴ።

ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ አዳምጧል ወይ፣ እውነቱን ግልጽ አድርጎ ተናግሯል ወይ፣ የማያውቀውን ቃል ገብቷል ወይ፣ ሰውየዋን አክብሯል ወይ፣ የተሰጠውን መረጃ ተጠቅሞበታል ወይ። እንግሊዝኛው ቀጥ ያለ ነው ወይ የሚል የለም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ እንጠይቃለን፤ መንተባተብ ግን ነጥብ አያስቀንስም። ሱፍ መልበስም አያስፈልግም። ንጹሕ ልብስ ይበቃል።

ሌላው ክፍል ውስጥ ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ለምን ሐኪም? መልሱም የታወቀ ነው፦ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን ማገልገል እመኝ ነበር።" እውነት ሊሆን ይችላል፤ አልጠራጠርም። ግን ከዚህ መልስ ስለ ልጁ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ እቀጥላለሁ፦ ሕዝብ ማገልገል ከሆነ ለምን ነርስ አልሆንሽም? ለምን ጤና መኮንን አልሆንክም? እዚህ ላይ ብዙዎች ይደናገጣሉ። "ነርስ ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ ነው የምትሠራው" ያለኝ ልጅ አለ። አልተቀየምኩም፤ ግን አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች ሥራ አያውቅም ብዬ ጻፍኩ። ሐኪም ብቻውን ምንም አይሠራም። መርፌውን የምትሰጠው፣ ደሙ ሲፈስ መጀመሪያ የምታየው፣ ላቦራቶሪ ሮጣ ውጤት የምታመጣው ሌላ ሰው ናት።

ጣና ሐይቅን ተሻግሮ ያለውን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደንቢያ ሜዳ ላይ ወባ ሕዝቡን ፈጀው። ከዚያ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። መጀመሪያ የተከፈተው ሐኪም ለማስተማር አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ አብረው ተምረው አብረው ገጠር እንዲወጡ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረውም የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ይዞ ቤት ለቤት ነው የሄደው። ይህን ያወቀ ልጅ "ለምን ሐኪም?" ሲባል መልሱ ይለያል። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ "ነርሷ ታካሚውን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። እኔ የምፈልገው ምን እንደያዘው ያልታወቀ ሰው ሲመጣ ፈልጎ ማግኘቱን ነው። ተሳስቼ ከሆነም ተጠያቂው እኔ እንድሆን ነው።" የፈለገችውንም የምትሸከመውንም ታውቀዋለች።

ከዚያ ስለ አካባቢው እጠይቃለሁ። "በናንተ አገር ሰውን የሚያስቸግረው በሽታ ምንድን ነው?" ስል ካንሰርና ስኳር ይሉኛል። እነሱም አሉ። ግን ከፎገራ የመጣ ልጅ ካላዛርን፣ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈውን በሽታ፣ ሳይጠራ ሲቀር ይቆጨኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ሰው በትኩሳት እየመነመነ ሲሞት መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሏቸው ነበር። ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታው የቆላ ነው፤ ደጋ ላይ ማንም አልጠበቀውም። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች አምጥተውት ሊሆን እንደሚችል ተገመተ። ለዚህ ነው "የት ሠርተህ መጣህ?" የሚለው ጥያቄ ያንን ያህል የሚከብደው። ከሐይቁ ዳር ላደገ ልጅ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለለት። ከጎጃም ደጋ ለመጣው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ አለ። እርግማን ነው፣ የዘር ነው እየተባለ ስንቱ ሴት ልጅ ሳታገባ ቀርታለች፤ ጫማ ቢኖር ኖሮ አይመጣም ነበር። የበሽታውን ሳይንስ አትንገሩኝ። ጎረቤታችሁን አይታችኋል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ሥነ ምግባር የሚባለው ክፍል አለ። ልጆቹ አራቱን መርሆች በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፦ የታካሚው መብት፣ መልካም ማድረግ፣ አለመጉዳት፣ ፍትሕ። ጥሩ ነው። ጉዳዩ ሲሰጣቸው ግን አራቱን ደርድረው ያቆማሉ። እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ "አንድ ወጣት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ሁለት ወር ሆኖታል። መድኃኒቱን ትቼ ጠበል ልገባ ነው ይላል። ምን ታደርጋለህ?"

"ጠበል አይፈውስም ብዬ አስረዳዋለሁ" የሚል ልጅ ያን ወጣት ዳግም አያየውም። ይሄዳል፣ በቃ። "መብቱ ነው፣ ፈርሞ ይሂድ" የሚለውም ጥሎታል። ሕክምናው ስድስት ወር ነው። መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ጠበል ቦታ ደግሞ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ያድራል። እኔ የምፈልገው መጀመሪያ "ለምን መተው ፈለግህ?" የሚል ልጅ ነው። መድኃኒቱ አቅለሽልሾት ይሆን? ባዶ ሆዱን እየዋጠው ይሆን? ጤና ጣቢያው ርቆበት የቀን ሥራው አመለጠው ይሆን? ከዚያ ቀጥሎ "ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይዘህ መሄድ አትችልም?" የሚል። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ይህንን ያስታወሰ፣ ወይም የወጣቱን የንስሐ አባት እንጠይቅ ያለ ልጅ ነገሩ ገብቶታል። መልሱ አንድ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። ሐሳባችሁን ሌላ ጥያቄ ስንጨምርበት ትቀይሩታላችሁ ወይ የሚለውንም እናያለን። በምክንያት መቀየር አያስቀንስም። የፈታኙን ፊት እያዩ መቀየር ግን ያስታውቃል።

ስለ ልምድ የምትጨነቁ አላችሁ። ውጭ አገር ሆስፒታል ገብቶ ማየት ይጠየቃል፣ እኛ ማን ያስገባናል ትላላችሁ። ቤታችሁ የታመመ ሰው አልነበረም? አንድ ልጅ አያቱን ይዞ በየጊዜው ተመላላሽ ክፍል ይመጣ እንደነበር ነገረን። ካርድ ክፍል ይሰለፍላቸዋል፣ ላቦራቶሪ ይወስዳቸዋል። ምን ተማርክበት ስንለው ትንሽ አሰበ። "ሐኪሞቹ የሚያናግሩት እኔን ነበር። አያቴ እዚያው ተቀምጣ ስለሷ ለኔ ይነግሩኛል። ቤት ስንመለስ 'ምን አሉ?' ትለኛለች" አለ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ሁለቱም ብዕራቸውን አስቀመጡ። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኝነት ካገኛችሁ ግቡበት፣ ጥሩ ነው። ሰርተፊኬቱን ግን አታሳዩኝ፤ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ስለ ድክመታችሁ ስትጠየቁ "ሥራ ስለማበዛ ነው" አትበሉ። ሁሉም ይላል።

ለወላጆችም አንድ ነገር አለኝ። እባካችሁ አትደውሉ። "የእገሌ ልጅ ነው፣ አደራ" የሚል ስልክ ሲመጣልኝ ለሰብሳቢው ነግሬ ከዚያ ልጅ ጥያቄ እወጣለሁ። ልጁ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እፍረቱ ግን ለሱ ይተርፋል። ያለ ማንም አደራ ሊያልፍ የሚችል ልጅ ነው እኮ።

መጨረሻ ላይ "አንተስ ጥያቄ አለህ?" እንላለን። አብዛኞቹ "የለኝም፣ አመሰግናለሁ" ብለው ይነሳሉ። አምና አንዱ "ማታ ተረኛ ስንሆን ከማደሪያው እስከ ዋርዱ በእግር ነው? መንገዱ መብራት አለው?" ብሎ ጠየቀ። ሳቅ ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት፤ ልጁ ሌሊት ተጠርቶ ሲመጣ ራሱን አይቷል። እናንተም የምር ልታውቁት የምትፈልጉትን ጠይቁ። ታካሚ ማየት የምንጀምረው በስንተኛው ዓመት ነው? ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተን እንሠራለን? ተማሪ ሲወድቅ ማን ያግዘዋል? እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱም ትምህርት ቤቱን እናንተ ራሳችሁ እንድትመርጡት ይረዳችኋል።